ደመ ከልብ እንዳይሆን

ጠያቂ ያጣ ሞትን አማርኛ «ደመ ከልብ» ይለዋል። ከልብ በግዕዝ ውሻ ነው፤ ደመ ከልብ እንግዲህ የውሻ ደም ማለት ነው። ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሳይጠየቅ ሲቀር «ደሙ ደመ ከልብ ሆነ» እንላለን። አባባሉ የሚያዝነው ለሰውየው ነው። ግን እግረ መንገዱን ስለ ውሻም አንድ ነገር ይነግረናል፦ የውሻ ደም ቢፈስ ማንም አይጠየቅበትም። ይሄ ደግሞ ክርክር የማያስፈልገው፣ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ተደርጎ ነው የተወሰደው።

እኔ መከራከር የምፈልገው እዚህ ጋ ነው። ጥያቄዬ ግን ጠባብ ናት። ውሻ ቤት ይግባ አይግባ፣ ውሻ ነፍስ አለው የለውም የሚለውን ለሌላ ቀን እንተወው። የምጠይቀው ይሄን ብቻ ነው፦ ውሻን በማደንዘዣ አስተኝተን ሆዱን ስንከፍት፣ በዚያ ሰዓት ልቡን ነቅቶ የመጠበቅ ግዴታ አለብን? ካለብንስ ከየት መጣ?

ነገሩን ማሰብ የጀመርኩት ጎፋ ነው። ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ የተማርኩትም ኢንጂነሪንግ ነው። ከጎፋ ገብርኤል ብዙ በማይርቀው ግቢያችን ውስጥ ቡቺ የምትባል ውሻ አለች። ባለቤቷን ሁላችንም «እማማ» እንላቸዋለን። አንድ ሰሞን ቡቺ ምግብ እምቢ አለች፣ ውሃ ብቻ መጠጣት ሆነ ሥራዋ። ማህፀኗ መግል ቋጥሮ ስለነበር መውጣት አለበት ተባለ። እማማ ደወሉልኝ፦ «የኔ ልጅ፣ አንተ ኮምፒውተር ታውቅ የለ? አብረኸን ና፤ ያ ማሽን ምን እንደሚል ታይልኛለህ።»

ክሊኒኩ አንድ ክፍል ነው። ሐኪሙ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ ወጣት ነበር። ዳያዚፓምና ኬታሚን በደም ስሯ ሰጣት። እንግዳ በር ባንኳኳ ቁጥር ግቢውን ቀውጢ የምታደርገው ቡቺ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ዕቃ ሆነች። በኮቪድ ጊዜ ሁላችንም ጣታችን ላይ ስንሰካው የነበረው ዓይነት የኦክስጅን መለኪያ መቆንጠጫ ምላሷ ላይ ተሰካ። እኔ ዓይኔን ቁጥሩ ላይ ልተክል ስል ሐኪሙ «ማሽኑን ረዳቴ ያየዋል፤ አንተ እጅህን አምጣ» አለኝ። ሁለት ጣቶቼን በጭኗ ውስጠኛ በኩል አስቀመጠልኝ። «ይሄ የሚመታው ደም ቅዳ ነው። ከጣትህ ስር ከደከመ ንገረኝ፣ ከጠፋ ጩህ።»

ሃያ ደቂቃ ገደማ እንደሄድን 97 ይል የነበረው ቁጥር 84 ሆነና ማሽኑ ጮኸ። ሐኪሙ ቀና ሳይል «ምቱስ?» አለኝ። «አለ ዶክተር፣ ጠንካራ ነው።» ድዷን ገለጥ አድርጎ አየ፤ ሮዝ ነው። ረዳቱ መቆንጠጫውን ነቅሎ ምላሷን በእርጥብ ጋዝ ጠረገና ሌላ ቦታ ላይ ሰካው። 96። ምላስ ሲደርቅ፣ መቆንጠጫውም አንድ ቦታ ላይ ቆይቶ ደሙን ሲጨምቀው ቁጥሩ እንዲህ ይወርዳል። ቡቺ ማታውን ቤቷ ገባች፤ ዛሬም የሰፈሩን እንቅልፍ ትነሳለች።

ከዚያ ቀን በኋላ ሳነብ የገባኝ የመጀመሪያው ነገር ቁጥርና ልብ አንድ አለመሆናቸው ነው። ይሄ ለእኛ ለሶፍትዌር ሰዎች አዲስ አይደለም። ዳሽቦርዱ አረንጓዴ ነው፣ ሰርቨሩ ሲጠየቅ «አለሁ» ይላል፣ ደንበኛው ግን ገጹ አልከፈት ብሎታል። ልብም ላይ ይሄው አለ። ኢሲጂ የሚያሳየው የልብን ኤሌክትሪክ ነው፤ ደም መረጨቱን አያሳይም። ልብ የኤሌክትሪክ ምልክቱን በሥርዓት እያወጣ ደም ግን ላይረጭ ይችላል። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ያምራል፤ ከጣት ስር ግን ምንም የለም። ለዚህ ነው የሰመመን ባለሙያዎች በአንድ መሣሪያ የማይተማመኑት፦ ኢሲጂ ለኤሌክትሪኩ፣ የደም ግፊት መለኪያ ለግፊቱ፣ መቆንጠጫው ለኦክስጅኑ፣ ሌላ መሣሪያ ደግሞ በትንፋሽ ለሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ። እነዚህ ሁሉ ባሉበት ክፍል ውስጥም የሰው ጣትና ጆሮ ሥራ አይፈታም።

ሁለተኛው ነገር፦ «ኖርማል» የሚባለው ለማን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጤነኛ ውሻ ዘና ብሎ ሲያርፍ የልቡ ምት ወጥ አይደለም፤ አየር ሲያስገባ ይፈጥናል፣ ሲያስወጣ ይዘገያል። ሰው ላይም በመጠኑ አለ፣ ውሻ ላይ ግን ጎላ ብሎ ነው የሚታየው። ለሰው የተሠራ ሞኒተር ደግሞ የውሻን ኢሲጂ ሲያነብ አንዳንዴ አንዱን ምት ሁለት አድርጎ ይቆጥራል፤ ከዋናው ሹል ቀጥሎ የሚመጣው ሞገድ ሌላ ምት ይመስለዋል። 70 ጊዜ የሚመታ ልብ 140 ተብሎ ይታያል። ማሽኑ አልተበላሸም፤ የተማረው ሌላ አካል ነው።

ይሄ የውሻ ጉዳይ ብቻ ቢመስላችሁ፣ መቆንጠጫውን ራሱን ተመልከቱት። ፐልስ ኦክሲሜትር የሚባለውን ነገር ያሰበው ጃፓናዊው ኢንጂነር ታኩዎ አዮያጊ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኒሆን ኮደን የሚባል ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ፣ በጆሮ ላይ ብርሃን አሳልፎ ልብ ምን ያህል ደም እንደሚረጭ ለመለካት ይሞክር ነበር። የደም ቅዳው ትርታ ግን መስመሩን እያንቀጠቀጠ አስቸገረው። ያንን ረብሻ ለማጥፋት ሲታገል፣ ረብሻው ራሱ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን እንደሚናገር ደረሰበት፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ሐሳቡን ይፋ አደረገ። ሌላው ሰው አጣርቶ የሚጥለውን ነገር እሱ ሰማው። የእሱ ብርሃን ግን የሚያልፈው በቆዳ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ መሣሪያው የጥቁር ሕሙማንን የኦክስጅን ማነስ ሳያይ የሚያልፈው ከነጮቹ ወደ ሦስት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ነው። ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት የውሻ ምላስም መቆንጠጫውን ያስቸግረዋል። «ይሄ ማሽን ማንን እያሰበ ተሠራ?» የሚለው ጥያቄ ከቡቺ ምላስ ተነስቶ የእኔው ጣት ላይ ይደርሳል።

እሺ፣ ልብን መጠበቅ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ አየን። ወደ ጥያቄው እንመለስ፦ ግዴታው ከየት መጣ?

ቀላሉ መልስ ፍቅር ነው። እማማ ቡቺን ይወዷታል፣ ስለዚህ ልቧ ይጠበቃል። ግን ባለቤት የሌለውስ? የእብድ ውሻ በሽታ በውሻ በኩል ወደ ሰው እንዳይመጣ የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው 70 በመቶ የሚሆኑትን ውሾች ክተቡ ነው። አዲስ አበባ ግን የጎዳና ውሾቿን በመርዝ ስትገድል የኖረች ከተማ ናት። ከመርዙ የሚሻለው መንገድ መያዝ፣ መክተብና ማምከን ነው፤ ማምከን ደግሞ ማደንዘዣ ይፈልጋል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚተኛው ውሻ ስም የለውም፣ ደጅ ቆሞ የሚጠብቀው ሰውም የለም። ግዴታው ከፍቅር የሚመጣ ከሆነ ለሱ ምንም አልቀረለትም። የምንፈልገው ግዴታ ደግሞ በተለይ እዚያ የሚሠራውን ነው፤ የተወደደውንማ የሚወደው ይጠብቀዋል።

ሁለተኛው መልስ ውለታ ነው። ስለ ልብ ከምናውቀው ብዙው ከውሻ የተገኘ ነው። ኦገስተስ ዋለር የሚባለው የለንደን ሳይንቲስት ጂሚ የሚባል ቡልዶግ ነበረው፤ ጂሚ እግሮቹን ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ ነክሮ ቆሞ የልቡ ኤሌክትሪክ ለሕዝብ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 ነገሩ ጭካኔ አይደለም ወይ ተብሎ የእንግሊዝ ፓርላማ ድረስ ደረሰ። የመንግሥት መልስ፣ ባሕር ዳር በእግሩ የተራመደ ሰው ከሚሰማው የተለየ ነገር የለውም የሚል ነበር። ጂሚ ዕድለኛ ነው። ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ውስጥ ቪቪያን ቶማስ የሚባለው ጥቁር አሜሪካዊ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከልብ ጉድለት የተነሳ ሰውነታቸው የሚሰማይ ሕፃናትን ለማዳን የሚሆነውን ቀዶ ጥገና በብዙ ውሾች ላይ ሠራ። ከነሱ ውስጥ አና የምትባለው ተርፋ ብዙ ኖረች፤ ሥዕሏም እዚያው ተሰቀለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1944 መጨረሻ አልፍሬድ ብላሎክ የ15 ወር ሕፃን ላይ ያንን ቀዶ ጥገና ሲሠራ፣ ቶማስ ከኋላው ቆሞ እየመራው ነበር። ዛሬ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ፣ ዶ/ር በላይ አበጋዝ ያስጀመሩት የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ደጃፍ ላይ ልጇን ታቅፋ የምትጠብቅ እናት፣ ሳታውቀው ከዚያ ላቦራቶሪ ጋር የምትገናኝበት ክር አላት።

ታሪኩ ይነካኛል፤ እንደ ክርክር ግን አይበቃኝም። አንደኛ፣ አና አልሰጠችም፤ ተወሰደባት። ውለታ ማለት የሰጠ ሰው ሲኖር ነው። ሁለተኛ፣ የአና ዕዳ ለቡቺ አይከፈልም፤ ቡቺ ባልቲሞርን አታውቅም። ሦስተኛ፣ ለልብ ሕክምና ምንም ያላዋጣ እንስሳ ጠረጴዛው ላይ ቢተኛስ? «አንተ ምንም አላደረግክልንም» ብለን ልቡን ልንተወው ነው?

ለእኔ የሚቆመው ሦስተኛው መልስ ነው፤ እሱም ከማደንዘዣው ራሱ ይነሳል። የነቃ ውሻ ራሱን የሚጠብቅበት ነገር አለው። ሲያመው ይጮኻል፣ ሲፈራ ይሸሻል፣ ሲጨንቀው ይነክሳል፣ ትንፋሽ ሲያጥረው ተነስቶ አየር ይፈልጋል። ማደንዘዣ እነዚህን ሁሉ ይወስዳል። ከውስጥ ያለውንም ይነካል፦ ዛይላዚንን የመሰሉ መድኃኒቶች የልብን ምት በጣም ያዘገያሉ፤ ብዙዎቹ ማደንዘዣዎች ደግሞ የደም ግፊትን ያወርዳሉ፣ አተነፋፈስን ያዳክማሉ። ውሻው ተስማምቶ አልተኛም። ሕፃን ልጅን ያለ ፈቃዱ ብናስተኛው፣ አድጎ «ለዚህ ነበር» ብለን እንነግረዋለን። ለውሻ መቼም አንነግረውም።

እጁን ያሰርከውን ሰው ማጉረስ የቸርነት ጉዳይ አይደለም፤ እጁን ያሰርከው አንተ ነህ። የሚጮህበትን ድምፅ የወሰደ ሰው በድምፁ ፋንታ የራሱን ጆሮ ሊያስቀምጥ ይገባል። ጭኑ ላይ ያለው ጣት፣ ምላሱ ላይ ያለው መቆንጠጫ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ሁሉም የተወሰደውን ጩኸት የሚተኩ ናቸው። ለዚህ ግዴታ ውሻውን መውደድ አያስፈልግም፤ ውሻው ብልህ መሆኑም፣ ባለውለታ መሆኑም አያስፈልግም። መርፌውን መውጋታችን ብቻ ይበቃል። ጎዳና ላይ ታሞ ያየሁት ውሻ ምን ይገባዋል የሚለው ከባድ ጥያቄ ነው፤ በእጄ ያደነዘዝኩት ምን ይገባዋል የሚለው ግን የዚያን ያህል አይከብድም።

ይሄን ቢሮ ውስጥ ሳወራ አንድ ጓደኛዬ ምሳ ላይ «ሰው ሳይጠግብ ለውሻ ሞኒተር?» አለኝ። ተሳልቆ ማለፍ የሚገባ ጥያቄ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የቀዶ ጥገና ደህንነት ዝርዝር ላይ ኦክሲሜትሩ መሰካቱን ማረጋገጥ አንዱ ነጥብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው ላይፍቦክስ የተባለ ድርጅት ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች ኦክሲሜትር ሲያዳርስ የኖረው፣ ሰው የሚተኛባቸው የቀዶ ጥገና ክፍሎች እንኳ ስላልነበራቸው ነው። የእንስሳት ሕክምናችንም ቢሆን ሐሳቡ በሬው፣ ላሟና በጉ ላይ ነው፤ በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ለሆነች አገር ይሄ ያስኬዳል። ስለዚህ በግልጽ ልናገር፦ አንድ መለኪያ ብቻ ቢኖርና አንድ ሕፃንና ቡቺ ጎን ለጎን ቢተኙ፣ መለኪያው ለሕፃኑ ነው። እማማም ቢጠየቁ ሌላ አይሉም።

ግን በዚያ ክፍል ውስጥ የነበረው ምርጫ ይሄ አልነበረም። ቡቺ ተኝታለች፣ ሆዷ ተከፍቷል፣ የእኔ ሁለት ጣቶች ደግሞ ሥራ ፈት ናቸው። ጣቶቼን ከጭኗ ባነሳ የትኛውም ሆስፒታል ውስጥ ያለ ሕመምተኛ የሚያገኘው ነገር የለም። «ሰው ሳይጠግብ» የሚለው ቃል ደግሞ መርጦ ነው የሚመጣው፤ ማኪያቶ ስናዝ ማንም «ሰው ሳይጠግብ ማኪያቶ?» አይለንም። አባባሉ የተራበውን ሰው ጠቅሶ የሚያርፈው ሌላ ቦታ ነው፦ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ባንጠብቀው ማንም አይጠይቀንም የሚለው ላይ። ይሄ ነው ደመ ከልብ። ውሻው ቢሞት «ማደንዘዣው አልተስማማውም» ይባላል፤ በቃ፣ ታሪኩ አለቀ።

የሰውም ሕክምና አንድ ጊዜ እዚህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ቦስተን ውስጥ ሁለት የሕክምና ተማሪዎች፣ ሃርቪ ኩሺንግና ኧርነስት ኮድማን፣ ለሕሙማን ኤተር የሚሰጡት እነሱ ነበሩ። ኩሺንግ ኤተር እየሰጠው ሳለ ሰው ሞቶበታል። በጊዜው እንዲህ ያለ ሞት እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ያጋጥማል ተብሎ ይታለፍ ነበር። ሁለቱ ግን የልብ ምትንና ትንፋሽን በየተወሰነ ደቂቃ ልዩነት ወረቀት ላይ መመዝገብ ጀመሩ። ወረቀቱ ሞትን በአንድ ጊዜ አላስቀረም። ያመጣው ነገር ሌላ ነው፦ ሰው ከሞተ በኋላ «መቼ ነበር መውረድ የጀመረው? ያኔ ማን ምን አደረገ?» ብሎ መጠየቅ የሚቻልበትን መንገድ። ጥያቄ ሲኖር ተጠያቂ ይኖራል።

ለውሻም እንዲሁ ነው። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በተካሄደና በ2008 በታተመ ጥናት፣ ከ98,036 የደነዘዙ ውሾች 163ቱ ከማደንዘዣው ጋር በተያያዘ ሞተዋል፤ 0.17 በመቶ ገደማ ነው። ጤነኛ ከነበሩት ውስጥ የሞቱት 0.05 በመቶ፣ ታመው ከነበሩት ግን 1.33 በመቶ ናቸው። እዚያው ጥናት ውስጥ የነበሩት ድመቶች ሲታዩ፣ ትርታቸው እየተዳሰሰ በኦክሲሜትርም የተጠበቁት የመሞት ዕድላቸው ያነሰ ነበር። ቁጥሮቹ ጠቃሚ ናቸው፤ እኔን ያስገረመኝ ግን መኖራቸው ነው። 163 የሞቱ ውሾች፣ እያንዳንዳቸው ቅጽ ተሞልቶላቸው፣ «ለምን?» ተብሎላቸዋል። ለዚህ ትልቅ ማሽን አላስፈለገም። እስክሪብቶ፣ ሰዓትና በየአምስት ደቂቃው ምቱን ቆጥሮ የሚጽፍ ሰው ይበቃል፤ ይሄ ደግሞ ጎፋም ይቻላል።

ከዚያው ጥናት አንድ ነገር ልጨምር። ከሞቱት ውሾች ወደ ግማሽ የሚጠጉት የሞቱት ቀዶ ጥገናው ካለቀ በኋላ ነው፤ አብዛኞቹም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት ውስጥ። ስፌቱ አልቆ፣ ጓንት ወልቆ፣ መቆንጠጫው ተነቅሎ፣ ሁሉም «ተገላገልን» ባለበት ሰዓት ማለት ነው። ሥራው ለእኛ አልቋል፤ የወሰድነውን ግን ገና አልመለስንም። ውሻው አሁንም መጮህ አይችልም፣ መሸሽም አይችልም። ስለዚህ አንድ ሰው አጠገቡ መቀመጥ አለበት፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ውሻው አንገቱን በራሱ ቀና እስኪያደርግና ከፈለገም መንከስ እስኪችል ድረስ።